ስለ አዲሱ የእድራችን ድንኳን

(ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተደረገው የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። ድምፅ የሚሰጠው ጥቅምት 16 ስለሆነ፣ በስብሰባው ያልተገኙ አባላት አንብበው እንዲዘጋጁ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ለዛሬ የያዝነው አጀንዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የድንኳን ጉዳይ ነው። ድንኳን ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል፣ ሄዶ መግዛት ነው እንጂ፣ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎን ነበር። መርካቶ ወጥተን ሦስት ቀን ስንዞር ግን ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም፤ ስለዚህ ያየነውንና የጠየቅነውን ሁሉ እንደ አቅማችን ጽፈን ይዘን ቀርበናል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ማመን ይገባናል። ባለፈው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በአንዲት እናታችን ለቅሶ ቤት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከቀብር ተመልሰን፣ ሰው ገና ቁጭ ከማለቱ፣ ያ ዝናብ መጣ። ድንኳኑ መጀመሪያ አንጠባጠበ፤ ቀጥሎ መሐሉ ረግቦ ውሃ አጠራቀመ፤ ከዚያ የተጣፈው ቦታ ተተረተረና ውሃው በሙሉ ሐዘንተኞቹ ላይ ወረደ። የሟች ልጆች ከፍራሹ ተነሥተው ጎረቤት በረንዳ ሥር ቆሙ። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እየጨመቁ ወደየቤታቸው ሄዱ። ንፍሮውም ተበላሸ። ከልጆቹ አንዷ፣ እናቷ ለዚህ እድር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታዛንፍ መክፈሏን እያነሣች ስታለቅስ ሰምተናል። መልስ አልነበረንም።

ጥፋቱ የማን ነው ብትሉ፣ የኮሚቴው ነው። ድንኳኑ የተገዛው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ 6 በ12 ሜትር የሆነ አረንጓዴ የጥጥ ሸራ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ዕቃ ነበር። በየካቲት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በበልጉ ዝናብ ተተክሎ፣ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። ነገ እናሰጣዋለን ተባባልን። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ ከዚያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ለቅሶው ሁሉ በየበሩ ሆነ፤ ድንኳን የሚጠይቅ ጠፋ። ያ ሸራም እንደ ረጠበ በልጉንና ክረምቱን በሙሉ ተጠቅልሎ ከረመ። በ2013 ዓ.ም. ስንከፍተው ጥቁር ሻጋታ በልቶታል፤ ሽታውም አያስጠጋም። አጠብነው፣ አሰፋነው፣ ጣፍነው፤ አምስት ዓመት በጥፍ ኖረ። አዋጁ ድንኳን እንዳንተክል ከለከለን እንጂ እንዳናሰጣ አልከለከለንም። ስለዚህ ወደፊት ምን እንግዛ ከማለታችን በፊት፣ የነበረውን ያበላሸነው እኛው መሆናችንን ጽፈን አስቀምጠናል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ።

ድንኳን የሚመረጠው በሚያገኘው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ በልግ አለ፤ አንዳንዴ በረዶ ቀላቅሎ የሚመጣ። በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናቡ ቀርቶ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ቀን ፀሐዩ አለ፤ አገሩ ከፍታ ስለሆነ የፀሐዩ ጨረር ይበረታል፤ ሸራን ቀስ በቀስ የሚያነጣውና የሚያደርቀው እሱ ነው። ሞት ደግሞ ወር አይመርጥም። ስለዚህ የእኛ ድንኳን የክረምትም የበጋም መሆን አለበት፤ የሠርግ ድንኳን የሚከራዩ ሰዎች ክረምቱን ሊያልፉት ይችላሉ፣ እኛ አንችልም።

ስለ ዝናቡ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥር የሚያሰለቸው ሰው ቢኖር ይታገሠን፤ ምክንያቱም ነሐሴ ላይ የደረሰብን ነገር በሙሉ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ከበድ ያለ የክረምት ከሰዓት ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተደፋ ማለት ነው። አሮጌው ድንኳን 72 ካሬ ሜትር ይሸፍን ነበር፤ 72 ጀሪካን ወረደበት። ይህ ውሃ ከተንሸራተተ ችግር የለውም። ከቆመ ግን ጉድ ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የረገበ ቦታ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ውሃ ቢይዝ 400 ሊትር ይሆናል፤ 400 ሊትር 400 ኪሎ ነው። አራት ኩንታል ጤፍ ከጭንቅላታችን በላይ በበሰበሰ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። የወረደው ውሃ ብቻ በመሆኑ ፈጣሪን እናመስግን፤ ምሰሶው ከነብረቱ ቢወርድ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ስለዚህ ከሸራው በፊት የሚታየው የጣራው ቁልቁለት ነው። ገበያ ላይ ያየናቸው ርካሽ ድንኳኖች ብዙዎቹ ጣራቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ብረት ለመቆጠብ ብለው ነው። ለሠርግ ፎቶ ያምር ይሆናል። ለእኛ የሚሆነው ግን ከጎን እስከ መሐል 2 ሜትር ተኩል ሲሄድ ቢያንስ 1 ሜትር ከሩብ ከፍ የሚል ጣራ ነው። ከዚህ ያነሰ ያቀረበልንን ነጋዴ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አመስግነን አለፍነው።

አሁን ስለ ሸራው። ሸራ ተራ ስንዞር ሦስት ዓይነት ቀረበልን።

የመጀመሪያው የጥጥ ሸራ ነው፤ አሮጌያችን ይህ ነበር። ጥቅሙ ይተነፍሳል፤ በቀን አያፍንም፣ በሌሊት አያልብም። አዲስ ሲገዛ አንድ ጊዜ በደንብ ውሃ አጠጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና የመርፌውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። እሳት ቢነካው እንደ ላስቲክ ቀልጦ ሰው ላይ አይንጠባጠብም፤ መቃጠሉ ግን ይቃጠላል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በዝናብ ጊዜ ከውስጥ በእጅ ወይም በወንበር ጀርባ ከነካችሁት በዚያ ቦታ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ መሻገት ይጀምራል። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በክረምት ለቅሶ ለሠልስት ተተክሎ የተነቀለን ድንኳን የት ነው የምናሰጣው? ቀድሞ የኳስ ሜዳው ነበር፤ ዛሬ ሜዳው የለም፤ ኮንዶሚኒየም የገቡት አባሎቻችንም ደረጃው ላይ እናስጣ ብንላቸው አይሆንም። በጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥጡን እንመርጥ ነበር፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ሁለተኛው ስስ ላስቲክ ነው፤ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለም ያለው፣ ተሸምኖ በላስቲክ የተለበጠ፣ ለግንባታ አሸዋና ሲሚንቶ የሚሸፍኑበት። በካሬ ሜትር 200 ግራም እንኳን አይሞላም። ዋጋው ስለሚረክስ ዓይን ይስባል፤ ለእኛ የሚያስፈልገው በሙሉ 30,000 ብር አይሞላም። ከኮሚቴው አንዳችን፣ በየዓመቱ አዲስ ብንገዛስ፣ ብሎ ነበር። ነገር ግን ፀሐዩ ቶሎ ይሰባብረዋል፤ ነፋስ ሲመታው ይንኳኳል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ አይሰማም፤ የገመድ ማስገቢያው ቀለበት ከነዙሪያው ይቦጨቃል። ዝናብ ሲመታውም ከበሮ ነው። በዚያ ላይ፣ ይህን ማለት ይቅርና ብለን ነበር፣ ግን እንበለው፤ ሲሚንቶ በሚሸፈንበት ነገር ሥር የአባል ሐዘን ማስቀመጥ ደስ አላለንም።

ሦስተኛው ወፍራሙ ፕላስቲክ ሸራ ነው፤ ነጋዴዎቹ ፒቪሲ ይሉታል፤ በውስጡ የክር መረብ ያለው፣ በሁለት በኩል የተለበጠ፤ የጭነት መኪና የሚሸፍኑበትም አለ። በካሬ ሜትር ከ500 እስከ 700 ግራም ይመዝናል። ውሃ አይጠጣም፤ አይበሰብስም፤ በዝናብ መካከል ቢነቀል እንኳን በጨርቅ ተወልውሎ ይደርቃል። ለእኛ ኑሮ ዋናው ይህ ነው። ጉዳት የለውም ማለታችን ግን አይደለም። አይተነፍስም፤ ቀን ይሞቃል። በኅዳር ሌሊት ሃምሳ ሰው ውስጡ ሲያድር የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ጣራ ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ንጋት ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ፣ አዲሱም ያፈሳል እኮ፣ ብላችሁ እንዳትወቅሱን ከአሁኑ እንናገራለን፤ ማፍሰስ ሳይሆን ማላብ ነው። መድኃኒቱ በጣራውና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን አንድ ስንዝር ክፍት መተው ነው፤ ለሰፊው ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሌላው ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ላይ ከታጠፈ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መታጠፍ ሳይሆን በቱቦ ላይ መጠቅለል አለበት። በደንብ ከተያዘ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለግለናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ሦስተኛው እንዲሆን ነው። ነገር ግን ፒቪሲ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛ፣ ክብደቱን በነጋዴው አፍ ሳይሆን በሚዛን ነው የምናምነው፤ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በሚዛን ላይ 150 ግራም ካልመዘነ 600 ግራም ነው የተባለው ውሸት ነው። አንዱ ሱቅ ያሳየን 105 ግራም ወጣ። ሁለተኛ፣ መጋጠሚያው በመርፌ ብቻ ከተሰፋ በየቀዳዳው ያፈሳል፤ በሙቀት የተጣበቀ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሸራውን ጨብጦ አሽቶ ወደ ፀሐይ ማየት፤ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ብርሃን ከታየ ልባጡ ተሰንጥቋል። አራተኛ፣ ሸራውን እንደ ጎድጓዳ ሰሐን አድርጎ ውሃ ጨምሮ፣ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለሱ መተው። ይህንን ስናደርግ አንዳንዶቹ ነጋዴዎች ሳቁብን፤ ይሳቁ።

ስለ ቀለሙ ብዙ ክርክር ነበር፤ አሳጥረን እንለፈው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ይሞቃል፤ ሰማያዊው የሰው ፊት የታመመ ያስመስላል። ነጭ ጭቃ ያሳያል፤ ግን ይታጠባል፤ ብርሃንም ያስገባል። ነጭ ይሁን ብለናል። የእድሩ ስም በትልቁ ይጻፍ የተባለውን አልተቀበልነውም፤ ሰፈሩ ድንኳኑን ያውቀዋል፤ ቀለም ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ የመሬቱ ጉዳይ አለ፤ ይህን አብዛኛው ሰው አያስበውም። ድሮ ድንኳን ስንተክል ካስማ በመዶሻ መትተን ገመድ መወጠር ነበር። ዛሬ መንገዶቻችን ኮብልስቶን ናቸው፤ በዋናው መንገድ ዳር ደግሞ አዲስ የእግረኛ ንጣፍ ተሠርቷል። ካስማ እንትከል ብንል ድንጋዩን መንቀል ሊሆን ነው፤ ያን ማድረግ አይገባም፣ አይፈቀድምም። ስለዚህ በራሱ የሚቆም የብረት ቋሚ ያለው ድንኳን ያስፈልገናል፤ እግሩም በክብደት መያዝ አለበት። በየቋሚው እግር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ማሰር 20 ኪሎ ይሰጠናል፤ ለቀላል ነፋስ ይረዳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ለሚነሣው ነፋስ ግን በየእግሩ ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፤ በማዕዘኖቹም ገመድ ወደ አጥር ወይም ወደ ጽኑ ግንብ ይሳባል። ወደ መብራት ምሰሶ ማሰር ፈጽሞ ክልክል ነው። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ የጎን ግድግዳውን መጠቅለል፣ ካልሆነም ሰውን አስወጥቶ ጣራውን ማውረድ ነው፤ ከድንኳን ጋር ግብ ግብ የለም።

የነገርናችሁ የብረት ነገር ካነሣ፣ የአሮጌው ድንኳን ቱቦላሬ ጤነኛ ነው። በያጅ አስጠርተን አስመረመርነው፤ አራቱ ጎብጠዋል፤ የቀረው ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህ ትልቅ እፎይታ ሆነልን፤ ምክንያቱም ከሙሉ ድንኳን ዋጋ ውስጥ ብዙውን የሚወስደው ብረቱ ነው።

ስለ መጠኑ ደግሞ እንዲህ አሰብን። አንድ 6 በ12 ሜትር ድንኳን ከምንገዛ፣ ሁለት 5 በ8 ሜትር የሆኑ ድንኳኖች ብናሠራ ይሻላል። እያንዳንዳቸው በአግዳሚ ወደ ሃምሳ ሰው ይይዛሉ፤ ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ሲገጠሙ 5 በ16 ይሆናሉ፤ ከአሮጌውም ይበልጣሉ። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ስድስት ሜትር ስፋት ሲተከል አምቡላንስ ቀርቶ ጋሪም አያልፍም ነበር፤ ባለፈው ዓመት አንዲት ነፍሰ ጡር በሰው ሸክም ድንኳኑን አልፋ መሄዷን አንረሳም። ሁለተኛ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ሲገጥመን አንዱን ቤት በሰው ድንኳን እየለመንን ነበር የምናስተናግደው።

አሁን ገንዘቡ። እድራችን 186 አባወራና እማወራ አሉት፤ በወር 100 ብር ሲከፈል በዓመት 223,200 ብር ይገባል። በ2017 ዓ.ም. 11 ለቅሶ ነበረብን፤ ለእያንዳንዱ 15,000 ብር ሰጥተን 165,000 ብር ወጣ፤ ለለፋፊውና ለመጋዘኑ ጥበቃ 36,000 ብር ተከፈለ። በዓመት የሚተርፈን 22,200 ብር ብቻ ነው። በካዝና ያለው 214,600 ብር ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ይዘው እዚህ ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ማየት ይችላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለድንኳን ይውላል ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አምስት ለቅሶ ገጥሞናል። ስለዚህ የስድስት ለቅሶ ገንዘብ፣ ማለትም 90,000 ብር፣ በምንም ምክንያት አይነካም ብለን ወሰንን። የሚቀረን 124,600 ብር ነው።

ሙሉ አዲስ 6 በ12 ከነብረቱ 190,000 ብር ተጠየቅን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሸራና ብረት ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ብንከራከርም ብዙ አልቀነሱልንም። ይህን ለመግዛት 65,400 ብር ይጎድለናል፤ ለአባል ሲካፈል ወደ 350 ብር ነው። 350 ብር ምንድን ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ደብተሩን እናውቀዋለን፤ አሁን 23 አባላት ውዝፍ አለባቸው፤ ስለሰነፉ ሳይሆን ስለቸገራቸው ነው። ከእነርሱ ውስጥ ጉልት ተቀምጠው የሚያድሩ እናቶች አሉ። ተጨማሪ መዋጮ ብንጥል መጀመሪያ የሚወጡብን እነዚህ ናቸው፤ ከእድር የወጣ ደግሞ ሲሞት ድንኳኑ አይተከልለትም። በድንኳን ምክንያት ሰው ከድንኳን ማስወጣት አይሆንም ብለን ይህን ሐሳብ ጣልነው።

ኪራይስ? ጠይቀናል። በቀን 4,000 ብር ነው፤ ለሦስት ቀን 12,000፤ በዓመት 11 ለቅሶ ቢሆን 132,000 ብር። የሚተርፈን 22,200 ስለሆነ በሁለተኛው ለቅሶ ያልቃል።

ስለዚህ የምናቀርበው ይህ ነው። ለሁለቱ ድንኳኖች ጣራና የሦስት ጎን ግድግዳ ወደ 180 ካሬ ሜትር ሸራ ይፈጃል፤ ማጣበቂያውንና ቀለበቱን ጨምሮ በካሬ ሜትር 560 ብር ተስማምተናል፤ 100,800 ብር ይሆናል። የነበረውን ቱቦላሬ ለመቁረጥ፣ የጎደለውን ለመግዛት፣ ለብየዳና ለቀለም 20,200 ብር። ጠቅላላ 121,000 ብር። የሚተርፈው 3,600 ብር ለማጓጓዣ፣ ለናይለን ገመድና ለጀሪካን ነው። በውሉ ላይ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ተተክሎ ውሃ ተደፍቶበት ከታየ በኋላ እንዲከፈል አስጽፈናል። ሁለቱ ሸራዎች ተመዝነው ወደ 54 ኪሎ ገደማ እያንዳንዳቸው መምጣት አለባቸው፤ አሥር ኪሎ ከጎደለ አንረከብም።

ወጣቶቻችን፣ ድንኳኑን ለሠርግ እያከራየን ገንዘቡን እንመልስ፣ ብለዋል። በበጋ ይቻላል እንላለን፤ ያውም አንዱን ብቻ፤ ሁለተኛው መጋዘን ካልቀረ በዚያው ሌሊት የሚሞት ሰው ምን ይደረግ? መያዣ ገንዘብም ይያዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ለማንም አይከራይም።

ከመጨረሳችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛው የከሰል ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ሲበርደው ከሰል ያስገባል፤ በጥጥ ሸራ ውስጥ ነፋስ ስለሚገባ እስከ ዛሬ በሰላም አልፈናል። ፕላስቲክ ሸራ ግን አየር አያሳልፍም፤ ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ፕላስቲኩም እሳት ከተጠጋው ይቀልጣል፤ ጭሱም መጥፎ ነው። ስለዚህ ከሰልም ሆነ የንፍሮ ጎላ ከአዲሱ ድንኳን ውጭ ነው። ከአሮጌው ሸራ ያልበሰበሰውን የግድግዳ ክፍል ቆርጠን ለማብሰያው የነፋስ ከለላ እናደርገዋለን፤ ከእሳቱ ራቅ ተደርጎ ይተከላል። የሚበርዳቸው ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ ይምጣላቸው፤ በዚህ ረገድ እናቶቻችን እንዲያግዙን እንለምናለን። የአምፖል ገመድም በብረቱ ላይ አይጠቀለል፤ ከተላጠ ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ይብሳል። በእንጨት ላይ ታስሮ ይንጠልጠል።

ሁለተኛው አያያዙ ነው። ስምንት ወጣቶች ለመትከልና ለመንቀል ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ እናመሰግናለን፤ አራት ይቀሩናል። ድንኳን በተነቀለ በማግሥቱ፣ የሥራ ቀን ቢሆንም ባይሆንም፣ ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ይደርቃል፤ ያደረቀው ሰውና ቀኑ በደብተር ይጻፋል፤ ንብረት ያዣችን ካልፈረሙ መጋዘን አይገባም። ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ የእንጨት ርብራብ ተሠርቶለታል። አይጥ እንዳይበላውም በዚያ መጋዘን ውስጥ እህልና ዘይት ማስቀመጥ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ ጆንያ ያስቀመጣችሁ አባላት እስከ ኅዳር 1 ድረስ ውሰዱልን። ከጆንያዎቹ አንዱ የጸሐፊው ነው፤ ትናንት ወጥቷል።

የሦስቱም ሸራ ቁራጭ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከጎኑ ውሃና ሚዛን አለ። ቀርባችሁ ዳስሱት፣ እሹት፣ ውሃ ጨምሩበት። ተቃውሞ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው በዚህ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለማንኛውም የኮሚቴ አባል ይንገር። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ጥቅምት 16 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዚሁ ቦታ በእጅ ማውጣት ነው፤ መምጣት የማይችል በሽተኛ ወይም አረጋዊ ከቤቱ ሰው ይላክ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ሰብሳቢያችን ተራ ይሰጣሉ።